ሚክሰሩ ያልሰማው መሰንቆ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ጓደኛዬ የራሱን ግጥምና ዜማ በጊታር ይጫወታል፤ አንድ የክራርና አንድ የመሰንቆ ተጫዋች ያጅቡታል። ባለፈው ዓመት ደሴ ውስጥ፣ ወደ 150 ሰው በተገኘበት አዳራሽ ሲጫወት ከሚክሰሩ (ከድምፅ ማመጣጠኛው) ላይ በገመድ ቀዳሁት። ምሽቱ በጣም ደስ የሚል ነበር፤ ቅጂው ግን ደረቅና ሳጥን ውስጥ የተዘጋ ድምፅ ሆነብኝ። ካናዳዊው ዘፋኝ ኒል ያንግ እ.ኤ.አ. በ1971 ቶሮንቶ ውስጥ ብቻውን ያቀረበውን ኮንሰርት ስሰማ ግን አዳራሹ ውስጥ የተቀመጥሁ ይመስለኛል። በሐምሌ እንደገና ደሴ ላይ እንጫወታለን። ዙም ኤች 6 መቅረጫ አለኝ፤ ሁለት ኮንደንሰር ማይክሮፎን ደግሞ እዋሳለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል? ወይስ ስቱዲዮ ገብተን ብንቀዳው ይበልጣል?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ አብሽር። መሣሪያህም ጆሮህም ደህና ናቸው፤ ያሳሳተህ ገመዱን የሰካህበት ቦታ ነው። በትንሽ አዳራሽ ውስጥ በሚክሰር የሚያልፈው ድምፅ የኮንሰርቱ ድምፅ አይደለም። አዳራሹ በራሱ ማድረስ ያቃተውን ለመሙላት የሚጨመር ድምፅ ነው። አንተ የቀዳኸው ያንን ጭማሪ ብቻ ነው።

እስቲ ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው አስበው። ጆሮው ያለው አዳራሹ ውስጥ ነው። ድምፃዊው ለስለስ አድርጎ ሲዘፍን ከኋላ ያሉት እንዲሰሙት ማይኩን ከፍ ያደርግለታል። ጊታሩን በመጠኑ ይደግፈዋል። ክራሩ በግርፍ ሲመታ ራሱን ችሎ ይሰማል፤ በድርድር ሲሆን ብቻ ትንሽ ይጨምርለታል። መሰንቆው ግን ደጋኑ አንዴ ክሩን ከነካው ያለማንም እርዳታ የኋላውን ግድግዳ ይመታል፤ ስለዚህ ባለሙያው ይዘጋዋል። ሥራውን በትክክል ሠርቷል። አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ሁሉም ተመጣጥኖ ደርሶታል። በገመዱ ጫፍ ለተቀመጥኸው ለአንተ የደረሰህ ግን የተገላቢጦሹ ነው፦ በአዳራሹ ጎልቶ የተሰማው በቅጂው ጠፍቷል፤ በአዳራሹ የደከመው በቅጂው ገንኗል። ጭብጨባውና እልልታው፣ በግጥሙ መሐል «ወይ ጉድ!» ያለው ሰው ድምፅ፣ የግድግዳው ምላሽ፣ እነዚህ ሁሉ ሚክሰሩ ጋ አልደረሱም። ቅጂህ ሳጥን ውስጥ የተዘጋ የመሰለህ ለዚህ ነው፤ በውስጡ አዳራሽ የለም። እንደ ሆጤ ስታዲየም ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ ቢሆን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ እያንዳንዱ ድምፅ በሞንታርቦ ካልወጣ ስለማይሰማ ከሚክሰር የተቀዳው ለእውነቱ ይቀርባል። 150 ሰው በሚይዝ አዳራሽ ግን እንዲህ ያለው ቅጂ ሁልጊዜ ግማሽ ነው።

ይህን እኔም የተማርሁት በኪሳራ ነው። ሥራውን በጀመርሁባቸው ዓመታት እዚሁ ደሴ አንድ ምሽት ለመቅዳት ተጠራሁ። ከወጣቶቹ ጋር አንድ ሽማግሌ የመሰንቆ ተጫዋች ነበሩ። አምባሰልን እንዲያ ሲጫወቱት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ድምፃዊቷ ግጥሟን ስትጨርስ እርሳቸው የመጨረሻውን ሐረግ ተቀብለው በመሰንቆው ይደግሙላት ነበር፤ ሰው እንደ ንግግር ነበር የሚሰማው። እኔ ከሚክሰሩ ሁለት ገመድ ስቤ፣ መቅረጫው ላይ መብራቱ ሲንቀሳቀስ አይቼ ተደላድዬ ተቀመጥሁ። በማግስቱ ስከፍተው ድምፃዊቷ በጆሮዬ ውስጥ ትዘፍናለች፤ መሰንቆው ግን በእርሷ ማይክ በኩል ሾልኮ የገባ፣ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ የሚመስል ጥላ ብቻ ነው። ደግመን እንቀዳዎታለን ብዬ ቀጠሮ ያዝሁ። ቀጠሮው ሳይደርስ ሽማግሌው አረፉ። ያ ጥላ እስካሁን እኔ ዘንድ አለ። አንድ ነገር ባጠናክረው ይወጣ ይሆናል እያልሁ ስንት ሌሊት እንደተቀመጥሁበት አልቆጠርሁትም፤ አልወጣም። ያልገባ ድምፅ አይወጣም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ሁለቱን ኮንደንሰሮች ለየመሣሪያው አታከፋፍላቸው፤ ጥንድ አድርገህ በአዳራሹ አየር ውስጥ አቁማቸው፤ የቅጂህ መሠረትም እነርሱ ይሁኑ። ደሴ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ የሚገኝባት ከተማ ናት፤ ስሙም አይጠየፍ ነው። ጥሩ የማይክሮፎን ጥንድም እንደዚያው ነው፤ ትልቅ ትንሹን ሳይለይ የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ በየቦታው ያስቀምጣል።

አቀማመጡን የፈረንሳይ ሬዲዮ ባለሙያዎች ካወጡት ዘዴ ውሰድ፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ ከእርሱ የተሻለ አላገኘሁም። የሁለቱ ማይኮች ራስ በ17 ሴንቲ ሜትር ይራራቅ፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ተከፍቶ በመካከላቸው 110 ዲግሪ ይሁን። 17 ሴንቲ ሜትር የሰው ሁለት ጆሮዎች ርቀት ያህል ነው። ከግራ የመጣው ድምፅ ግራውን ማይክ ጥቂት ቀድሞ፣ ጥቂትም በርትቶ ስለሚደርሰው አድማጩ ዓይኑን ጨፍኖ መሰንቆው በየት በኩል እንደተቀመጠ ያውቃል። ማይኮቹ በዋነኛነት ከፊት የሚሰሙ፣ ማለትም ካርዲዮይድ መሆናቸውን አስቀድመህ አረጋግጥ። ሁለቱንም በአንድ ማቆሚያ ላይ፣ ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ፣ ከወለሉ ወደ 2 ሜትር ከፍታ አድርጋቸው፤ ጥቂት ወደ ታች ወደ ተጫዋቾቹ ይዘንብሉ።

ምን ያህል ይራቁ? በአንተ ዓይነት አዳራሽ ከተጫዋቾቹ ከ2 እስከ 3 ሜትር ባለው ውስጥ ነው። ሲቀርቡ አዳራሹ ይጠፋል፤ ሲርቁ ግጥሙ ይደበዝዛል። ትክክለኛዋን ነጥብ ለማግኘት የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። ሞንታርቦውን አስጠፋና ሦስቱም ይጫወቱ። አንድ ጆሮህን በጣትህ ድፈን፤ ማይክ እንደ አንተ በሁለት ጆሮ መርጦ አይሰማምና። ከዚያ በዝግታ ወደፊትና ወደኋላ ተራመድ። የድምፃዊው ቃል ሳይደበዝዝ አዳራሹ ዙሪያውን መክበብ የሚጀምርበት አንድ ቦታ አለ፤ ሲደርስብህ ታውቀዋለህ። ማቆሚያውን እዚያ ትከል። መሰንቆው ከበዛ ማይኩን አታንቀሳቅስ፤ መሰንቆ ተጫዋቹን በአክብሮት ግማሽ ሜትር ወደኋላ እንዲቀመጥ ለምነው። ክራሩ ካነሰ ወደፊት ይምጣ። ይህ ዓይነቱ ማመጣጠን በወንበር የሚሠራ ነው፤ በኋላ በኮምፒውተር ከሚሠራው ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ጉዳይ። ይህን ሙከራ የምታደርገው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ባዶ አዳራሽ ደግሞ ይዋሻል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበረው ዋላስ ሳቢን እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ ከቴአትር ቤት የወንበር ትራስ በሌሊት እያስመጣ፣ ንግግር የማይሰማበት አዳራሽ ውስጥ እየደረደረ ድምፁ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ ለካ። ያገኘው ሕግ እስከ ዛሬ እንሠራበታለን። በእርሱ ስሌት 20 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ስፋትና 4 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ግድግዳው የተለሰነና ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ አዳራሽ ባዶውን ሲሆን ድምፅ ሙሉ በሙሉ እስኪሞት ከ3 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። በዚያ ውስጥ ፈጠን ያለ የክራር ግርፍ እርስ በርሱ ይደባለቃል። 150 ሰው ሲቀመጥበት ግን ጊዜው ወደ 1 ሰከንድ ከጥቂት ይወርዳል፤ ለጊታርና ለክራር እጅግ ደስ የሚል መጠን ነው። ትራሱን እዚህ የሚተካው ሰውና ልብሱ ነው። የደሴን ብርድ ታውቀዋለህ፤ ማታ ሰው ጋቢውን ወይም ወፍራም ጃኬቱን ደርቦ ነው የሚመጣው። ጋቢ የለበሰ ታዳሚ የሞላበት አዳራሽ ማንም ገንዘብ ሳያወጣበት የተስተካከለ አዳራሽ ነው። ስለዚህ በባዶው ስትሞክር አስተጋባ ብለህ አትደንግጥ፤ ማይኩንም ከልክ በላይ አታስጠጋ። በሙከራው ካገኘኸው ቦታ ላይ ሰው ሲሞላ ግማሽ ሜትር ያህል ወደኋላ ለመውሰድ ተዘጋጅ። ከተጫዋቾቹ ጀርባ ያለው ግድግዳ ባዶ ከሆነ ሁለት ብርድ ልብስ ስቀልበት፤ ከዚያ በላይ አታልብሰው። ጎኖቹ ይመልሱ፤ አዳራሽ የምንለው እነርሱን ነው።

ጥንዱ ብቻውን ይበቃል? ድምፃዊው በቂ ድምፅ ካለው አዎን፤ በጣም የምወዳቸው የራሴ ቅጂዎች በሁለት ማይክ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ግን ዙም ኤች 6 ካለህ አራት የማይክ መግቢያ አለህ፤ ሁለቱን ለጥንዱ ስትጠቀም ሁለት ይተርፉሃል። አንዱን ለድምፃዊው፣ ሌላውን ለጊታሩ ስጥ። እዚህ ላይ ሚክሰሩ ይጠቅመናል። ነገር ግን ከዋናው መውጫ አትቅዳ። ሚክሰሩ ላይ ያለውን ሰው በትሕትና ጠይቀው፤ በሁለት ኦክስ መውጫ (ከዋናው ተለይቶ በሚላክ ተጨማሪ መውጫ) ድምፃዊውንና ጊታሩን ለየብቻ፣ እርሱ ለአዳራሹ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው እንዳይነካቸው አድርጎ ይላክልህ። መቅረጫው ላይ የተገጠመችውን ማይክ ደግሞ አንተ በተቀመጥህበት ወደ ታዳሚው መልሳት። እንዲህ ስድስት መስመር ይኖርሃል፤ ሁለቱ አዳራሹን፣ ሁለቱ ቃሉንና ጊታሩን፣ ሁለቱ ሰዉን ይይዛሉ።

ስለ ጊታሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አያርፍም። ጓደኛህ ጊታሩን በገመድ የሚሰካ ከሆነ ክሮቹ የሚያርፉበት ድልድይ ሥር ያለችው ትንሽ መቀበያ የምትሰማው የክሩን ግፊት እንጂ የእንጨቱን ድምፅ አይደለም። ላስቲክ የሚጎተት የሚመስለው ድምፅ ከዚያ የሚመጣ ነው። ለአዳራሹ ሞንታርቦ ይሁን፤ ለቅጂው ግን ከቻልህ ሌላ ማይክ ተዋስና የጊታሩ አንገት ከአካሉ ጋር ከሚገናኝበት አካባቢ፣ ከ12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች 12ኛው) ትይዩ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አቁመው። ቀዳዳው ፊት ለፊት እንዳታቆመው፤ እዚያ ቤዙ ይንጎደጎዳል። ያንን ማይክ ካገኘህ የጊታሩን ኦክስ ተወው። ሞንታርቦውን ደግሞ ሁላችሁም ተስማምታችሁ ዝቅ አድርጉት። 150 ሰው ባለበት፣ ጸጥታ ካለ፣ ከድምፃዊው በቀር ማንም ሞንታርቦ አያስፈልገውም። ሞንታርቦው በጮኸ መጠን ጥንድ ማይኮችህ የሚሰሙት እንጨትና ቆዳ ሳይሆን የሞንታርቦ ወረቀት ይሆናል።

ወደ ብርዱ ልመለስ፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለሚወጣ ሙዚቀኛ ትልቁ ጣጣ እርሱ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ስትገቡ ጊታሩም ክራሩም መሰንቆውም ሌላ አየር ውስጥ ገብተዋል። የብረት ክር በብርድ ይሰበሰባል፤ ቃናው ከፍ ይላል። ከዚያ አዳራሹ በሰው ትንፋሽ ሲሞቅ ይላላል፤ ቃናውም ይወርዳል። የመሰንቆው ቆዳና የፈረስ ጭራው ደግሞ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ጉምና እርጥበት ይጠጣሉ፤ ቆዳው ሲረግብ ድምፁ ይታፈናል። ሦስቱ መሣሪያዎች በሦስት የተለያየ መንገድ ስለሚሄዱ አዳራሹ ውስጥ ማንም ያላስተዋለው መፋታት ቅጂ ላይ ጥርስ ያሳክካል። ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ከየማኅደራቸው አውጥታችሁ አዳራሹ ውስጥ አስቀምጧቸው፤ በየሁለት በየሦስት ዘፈኑ አስተካክሉ። ጓደኛህ በዚያች ፋታ ታዳሚውን ያጫውት። እንዲያውም በቀጥታ ቅጂ ላይ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ተጫዋቹ ክሩን እየጠመዘዘ የሚናገራት ያልተዘጋጀች ነገር ናት።

ስትቃኙ ጊታሩ ለክራሩ ይታዘዝ እንጂ ክራሩ ለጊታሩ አይታዘዝ። ይህን የምለው በወሎነቴ ኮርቼ ብቻ አይደለም። አምባሰልን ከዶ ብንነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ብለን በወረቀት እንጽፈዋለን። ጥሩ የመሰንቆ ተጫዋች ግን ያችን ሁለተኛዋን ድምፅ በጣቱ፣ በጆሮው ልክ ነው የሚያስቀምጣት። የጊታር ፍሬት ብረት ስለሆነ አይንቀሳቀስም። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ያችን ድምፅ ሲይዙ ይጋጫሉ፤ ያ ግጭት ደግሞ በኋላ የሚስተካከል አይደለም። መፍትሔው ጊታሩ ያችን ድምፅ ለመሰንቆው ትቶ ዶና ሶልን ብቻ ከሥር ማስተኛቱ ነው። አንድ ጊዜ ሞክሩትና ስሙት፤ ዘፈኑ ወዲያው ይከፈታል። የምትጫወቱበትንም ቦታ አስቡ። አንዱን ቅኝት በስሟ የጠራንባት ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ናት፤ ሌላውን የጠራንበት አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ነው። ፊት ለፊታችሁ የሚቀመጠው ሰው ይህችን ድምፅ ከጡት ጋር ነው የጠባት።

ሐምሌ ማለትህ ግን አሳስቦኛል። በደሴ ሐምሌ ከሰዓት በኋላና ማታ ምን እንደሚወርድ ለአንተ አልነግርህም። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ዝናብ በጀመረ ቅጽበት ቅጂህ አልቋል፤ በረዶ ከተጨመረበት ተጫዋቾቹም እርስ በርስ አይሰማሙም። የዝናብ ድምፅ ከታች እስከ ላይ ያለውን የድምፅ ክልል ሁሉ ስለሚሞላ ከዘፈን ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ቢቻላችሁ ወደ ጥቅምት ወይም ኅዳር አዛውሩት፤ ዝናቡም አባርቶ፣ ሰውም ወጣ ወጣ የሚልበት ጊዜ ነው። ካልሆነ ከላዩ ሌላ ፎቅ ያለበት አዳራሽ ፈልጉ። ኮርኒስ ያለው ከሌለው ይሻላል፤ ግን ኃይለኛ ዝናብን አያቆምም።

ሌላው ጫጫታ በልኩ ይያዛል። ከሐረጎ በከባድ ማርሽ የሚወጣ የጭነት መኪና ድምፅ በአብዛኛው ከታች የሚንጎደጎድ ነው፤ የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ላይ ስለሚጀምር በኋላ ከ70 በታች ያለውን ብትቆርጥ ከዘፈኑ ብዙ አይጎድልብህም። ከበሮ ከጨመራችሁ ግን ከበሮው የሚኖረው እዚያው ታች ስለሆነ መቁረጡን ተወው፤ ይልቁንስ መንገድ ዳር ያልሆነ አዳራሽ ምረጡ። የመግሪብና የዒሻ አዛን ሰዓትን ከመርሐ ግብሩ በፊት ጠይቁ፤ እረፍቱን እዚያ ላይ አድርጉት። አዛን ሲሰማ ዘፈን ማቋረጥ በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ በአጠገባችሁ ቤተ ክርስቲያን ካለም የጸሎቱን ሰዓት እንዲሁ ጠይቁ። ቡና የሚፈላ ከሆነ ሲኒው ሲንቃጨል እንዲሰማ እኔ አልከለክልም፤ ረከቦቱ ከጥንዱ አጠገብ ብቻ አይቀመጥ።

መብራት ስለሚጠፋ መቅረጫውን ከመጀመሪያው በባትሪ አሠራው። ዙም ኤች 6 አራት ትንንሽ ባትሪ ይወስዳል፤ ኮንደንሰሮቹ የሚፈልጉት 48 ቮልት ከእርሱ ስለሚሄድ ቶሎ ይጨርሳቸዋል። አዲስ አራት አስገባ፣ ሌላ አራት በኪስህ ያዝ፣ በእረፍቱ ላይ ሳትጠይቅ ቀይር። ባትሪ ሌላም ጥቅም አለው። መቅረጫውም ሚክሰሩም ከግድግዳ ሲሰኩ በሁለት የመሬት መስመር መካከል የሚዞረው የ50 ኸርዝ እምምታ ቅጂህ ውስጥ ይገባል፤ በባትሪ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። እምምታውን ለማጥፋት ብሎ የሚክሰሩን የመሬት መስመር የሚቆርጥ ሰው ካየህ አስቁመው፤ ማይክ በከንፈሩ የሚነካ ሰው አለ፤ ሞት ነው።

የመቅረጫውን መጠን 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ላይ አድርግ። በስድስት መስመር በሰዓት 3 ጊጋ ባይት ያህል ነው፤ 32 ጊጋ የሆነ ካርድ ለምሽቱ ይተርፋል። በሙከራው ላይ በጣም የሚጮኸውን ዘፈን አስጫውትና ጫፉ ከዜሮ፣ ማለትም መቅረጫው ከሚችለው ጣሪያ፣ በታች 12 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም አድርግ። ከዚያ እጅህን አንሳ። ዝቅ ብሎ ተቀዳ ብለህ አትስጋ፤ 12 ዴሲቤል ማለት ከ24ቱ ቢት ሁለቱን መተው ነው፤ አይታወቅህም። ያንን ክፍተት የምተወው ለእልልታ ነው። አንዲት እናት ከፊት ረድፍ ተነሥታ እልል ስትል ከሙዚቃው ሁሉ በላይ ትወጣለች፤ ቦታ ካልተውህላት ድምፁ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ እልልታ ደግሞ የምሽቱን ምርጥ ቅጽበት ያበላሻል።

ስቱዲዮ ወይስ አዳራሽ ለሚለው፣ የጠቀስኸው ኮንሰርት ራሱ መልስ አለው። ኒል ያንግ ጥር 19 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. ማሴ ሆል በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1894 በተከፈተውና ከ2,500 ሰው በላይ በሚይዘው አዳራሽ በጊታርና በፒያኖ ብቻ ተጫወተ። አዘጋጁ ዴቪድ ብሪግስ ቅጂው ወዲያውኑ እንዲታተም ፈልጎ ነበር፤ ዘፋኙ ግን በስቱዲዮ የሠራውን አልበም አስቀደመ። የአዳራሹ ቅጂ ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በዚያ ምሽት ከዘፈናቸው መካከል በርከት ያሉት ገና ያልታተሙ ነበሩ። እንደገና ስትሰማው ጸጥታውን አድምጥ፤ ሰዎቹ የሚጠብቁት ምን እንደሚመጣ አያውቁም። ያ ጸጥታ ስቱዲዮ ውስጥ አይገኝም። ጓደኛህም የራሱን ዘፈን ገና ለማያውቀው ሰው ነው የሚያቀርበው። ስለዚህ አዳራሹን ምረጡ። አንድ ሰው ከአንድ ባለ ክር መሣሪያ ጋር መቀመጡ ከውጭ የተማርነው ነገር አይደለም፤ ካሳ ተሰማንና አስናቀች ወርቁን ከክራራቸው ጋር ስማቸው። ድምፅና ክሩ አንዱ ለሌላው ቦታ ሲለቅ እንዴት እንደሆነ ከእነርሱ የተሻለ አስተማሪ የለም። የምችል ብሆን ሁለት ምሽት በተከታታይ እንድትጫወቱ አደርግ ነበር፤ በሁለተኛው ምሽት ማይኩን ሁሉም ይረሳዋል።

በማግስቱ ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጥ ጥንዱን ብቻውን ክፈትና ሙሉውን ስማ። ከዚያ የድምፃዊውን መስመር ቃሉ ጥርት እስኪል ብቻ ቀስ እያልህ አምጣ፤ ማይክ መኖሩ ሲታወቅህ አልፈሃል፣ ጥቂት መልሰው። ድምፅ በዚያ ቅዝቃዜ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ድምፃዊው 3 ሜትር ርቀት ላይ ወዳለው ጥንድ የሚደርሰው ከ9 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ነው። የቅርቡን መስመር በዚያው ልክ ወደኋላ ግፋው፤ ሁለቱ አንድ ሰው ይሆናሉ። ኢኮ አትጨምር። በአገራችን ቅጂ ሁሉ ላይ ኢኮ መድፋት ልማድ ሆኗል፤ አንተ ግን እውነተኛ አዳራሽ ቀድተሃል፤ በላዩ ላይ የውሸት አዳራሽ አትገንባበት። ሳሉን፣ የወንበሩን ጩኸት አታጽዳ። ጭብጨባውን ቶሎ አትቁረጠው፤ ራሱ እስኪከስም ጠብቀው።

የክራሩንና የመሰንቆውን ተጫዋቾች ፈቃድ ከኮንሰርቱ በፊት በጽሑፍ ተቀበል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከዋኝ (ተጫዋቹ ማለት ነው) ሥራው እንዲቀረጽና እንዲባዛ የመፍቀድ መብት የራሱ ነው። ምን ያህል እንደሚደርሳቸውም ያኔውኑ ተነጋገሩ። መሰንቆ ተጫዋቹ አጃቢ ነው ተብሎ ሲረሳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

እና ካርዱን። ኮንሰርቱ ሲያልቅ ሁሉም ይተቃቀፋል፣ ዕቃ ይጫናል፣ መኪናው ይቸኩላል። አንተ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ተቀመጥና ወደ ኮምፒውተርህ ገልብጠው፤ ከፍተህ መጀመሪያውን፣ መካከሉን፣ መጨረሻውን ስማ። ሁለተኛ ቅጂ በፍላሽ አድርገህ ደሴ ለሚያድር ሰው ስጥ። መሰንቆው በግራ በኩል ጥርት ብሎ መግባቱን በጆሮህ ሳታረጋግጥ ሐረጎን አትውረድ።